መቶ አሥራ ሰባት ያመጣው ኮዴ

እኔ የምጨነቅ ሰው ነኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ አውቶብሱ ሉማሜ ላይ ለሻይ ሲቆም፣ ሌላው ተሳፋሪ ወርዶ ሻዩን ያዛል፤ እኔ ከአውቶብሱ በር ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ሾፌሩን እጠብቃለሁ። ሾፌሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፓስቲውን እየገመጠ እንኳ አላምነውም። ሌላ ሾፌር ተደብቆ ቢሆንስ?

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ የፕሮግራም ጥራት አስተማሪ የሆነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ለመጨረሻ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪዎች የማስተምረው አንድ ፕሮግራም ገና ሳይበላሽ ሊበላሽ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ነው። ለጭንቀታም ሰው ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ሥራ ካለ ንገሩኝና ነገ ላመልክት።

ነገሩ አስቸጋሪ አይደለም። መመርመሪያ የሚሆን ፕሮግራም አለ። የሌላ ፕሮግራም ኮድ ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ኮዱን ሳያሠራ፣ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ስለ ጤንነቱ ይናገራል። ከሚቆጥራቸው ነገሮች ዋናው መገንጠያ ነው። ኮዱ ውስጥ «እንዲህ ከሆነ በዚህ ሂድ፣ ካልሆነ በዚያ» የሚል ትእዛዝ፣ እኛ «ኢፍ» የምንለው፣ በተገኘ ቁጥር አንድ መገንጠያ ይቆጠራል። በመጨረሻ አንድ ይጨመርበትና የውስብስብነቱ ቁጥር ይወጣል። እስከ አሥር ከሆነ ሰላም ነው። ሃያ ከደረሰ ያጠራጥራል። ከሃምሳ ካለፈ ጻፊው ራሱ ቢገባበት መውጫው ይጠፋዋል።

ክፍል ውስጥ እንዴት እንደምኮራ ብታዩኝ ታፍሩብኝ ነበር። «ከአሥር በላይ ያመጣ ኮድ ይዞ ቢሮዬ የሚገባ ተማሪ በበር ገብቶ በመስኮት ይወጣል!» እያልኩ እዝት ነበር። ቢሮዬ ምድር ቤት ስለሆነ በመስኮት መውጣቱ ያን ያህል አያስፈራም፤ ተማሪዎቹ ግን ይፈሩኝ ነበር።

ትርንጎ ብቻ አትፈራኝም። ትርንጎ ከጉንደ ወይን የመጣች፣ ከፊተኛው ወንበር የማትነቃነቅ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቃ መልሱ እስኪመጣ ዓይኗን የማትነቅል ልጅ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ ሆኜ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ቢሮዬ መጣች።

«መምህር፣ ርእስ አገኘሁ።»

«ጎሽ! ምንድን ነው?»

«ከተማችን ውስጥ ሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ወስጄ፣ ያስተማሩንን መመርመሪያ ላሠራበት ነው። ጥራቱን ልለካው።»

«በጣም ግሩም! የማንን ፕሮግራም?»

«የጤና ጣቢያውን። ካርድ ክፍል ያለውን፣ የታካሚ ስም የሚፈልገውን።»

ውኃ እየጠጣሁ ነበር። ውኃው መንገዱን ሳተ። ትርንጎ ተነሥታ ጀርባዬን ልትመታልኝ ስትል በእጄ ከለከልኳት። ያንን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ገና እንደተቀጠርኩ፣ በነፃ ነው የሠራሁላቸው። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ አለምነሽ የታካሚውን ስም ትጽፋለች፤ ፕሮግራሙ ካርዱ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይነግራታል። በሁለት ሳምንት ጨርሼ አስረከብኩ፤ ኮዱ የሚያምር፣ አጭር፣ ቁጥሩ አራት ብቻ የሆነ ነበር። ምን ያደርጋል፣ በሦስተኛው ቀን መሪጌታ ኃይሉ ዓለሙ ጉልበታቸውን ሊታዩ መጡ።

እትዬ አለምነሽ ስማቸውን ጻፈች። ኮምፒውተሩ «የለም» አለ።

«እንዴት የለም? ይኸው ቆሜ!» አሉ መሪጌታ። አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው አዩና፣ «ይህማ እኔ አይደለሁም! የእኔ ኃይሉ በብዙኃኑ ኃ ነው። በሃሌታው ሀ ከጻፍሽው ሰውየው ሌላ ነው፤ መርፌውንም እሱን ውጉት» አሏት።

እትዬ አለምነሽ ደወለችልኝ። ሄጄ አንድ ኢፍ ጨመርኩ፦ «በብዙኃኑ ኃ ከሆነም ተቀበል»። በማግስቱ በሐመሩ ሐ የተመዘገበ ሌላ ኃይሉ መጣ፤ ሌላ ኢፍ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ኃይሉ በስድስት ዓይነት ይጻፋል፤ ዓለሙ በአራት። አንዱ መሪጌታ ሃያ አራት ሰው ሆኑብኝ። ያኔ ቆም ብሎ ማሰብ ነበር። እኔ ግን የጨነቀው ሰው ያደርጋል የሚባለውን ሁሉ አደረግሁ፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር እየሮጥኩ ሄጄ አንድ ኢፍ እሰካለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሰካሁ። አንድም ቀን መመርመሪያውን አላሠራሁበትም። የራሱን የደም ግፊት የማይለካ ሐኪም በየቤቱ አለ ብዬ እጽናና ነበር።

«የጻፈው ሰው ይታወቃል?» አልኳት ትርንጎን፣ ሳሌ ሲታገሥልኝ።

«ስም የለበትም። እትዬ አለምነሽን ስጠይቃት "አንድ ቀጭን ልጅ ነው፣ ስሙ ጠፋኝ" አለችኝ። ስልኳ ላይ የመዘገበችው "ኮምፒተር" ብላ ነው።»

እዚህ ላይ «የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ፈቃድ አግኝተሻል?» የሚል ነው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከቦርሳዋ አውጥታ አስቀመጠችልኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ወራት እንዴት እንዳሳለፍኩ ፈጣሪ ያውቃል። መጀመሪያ ሐሳቧን ላስለውጥ ሞከርኩ። «የመናኸሪያው የስምሪት ፕሮግራም አይሻልም?» አልኳት። አይታው ነበር፤ ሰው የሚያሰናዳው ሰሌዳ እንጂ ፕሮግራም አይደለም አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሩን አንኳኩታ ገባች፤ ፊቷ ሐዘን የደረሰበት ቤት ልትገባ የመጣች ሰው ፊት ይመስላል።

«መምህር፣ ቁጥሩ ወጣ።»

«ስንት?»

«መቶ አሥራ ሰባት።»

«መመርመሪያው ተሳስቷል!» አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ሦስት ጊዜ አሠራሁት። በመጨረሻ በእጄ ቆጠርኩት። አንድ መቶ አሥራ ስድስት ኢፍ አለው፤ አንድ ሲጨመር ልክ ይመጣል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የጻፈው አንድ ሰው አይመስለኝም፣ መምህር። ቢያንስ አራት ናቸው፤ እነሱም የተጣሉ።»

አማካሪ ስለሆንኩ የምትጽፈውን ሁሉ አንብቤ ማረም ነበረብኝ። አንዱ ገጽ ላይ «የዚህ ኮድ ጸሐፊ ስለ ጥራት ትምህርት ያገኘ አይመስልም» ይላል። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበትና «ማስረጃ?» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ገጽ ማስረጃ ይዛ መጣች። እያንዳንዱ እውነት ነበር። «ጥሩ ነው» ብዬ ፈረምኩበት።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አቶ አየነው ደግሞ ጽሑፉን አንብቦ ከደስታው የተነሣ መቀመጥ አቃተው። የዓመቱ ምርጥ ሥራ ነው አለ። ከሌላ ከተማ ስማቸው የተከበረ ዶክተር በፈታኝነት እንዲመጡ ጋበዘ። «ልጅቷ የድሮውን ቅጂ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ከጤና ጣቢያው ትኩሱን ኮድ ገልብጣ ታምጣና በዶክተሯ ፊት መመርመሪያውን ታሠራበት» አለኝ። «ይህን ጉድ የጻፈውን ሰው ባገኘሁትና ከፊት ወንበር ባስቀመጥኩት! ተማሪው አይቶት ይማር ነበር።»

«አዎ» አልኩ። ከፊት ወንበር የተያዘልኝ ቦታ አማካሪ ተብሎ አስቀድሞ ስሜ ተለጥፎበት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቴ ዝምታ ብቻ ነው። እሑድ ዕለት ያደረግሁት ግን ዝምታ አይደለም። ከቅዳሴ መልስ ምሳዬን እንኳ ሳልበላ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። እትዬ አለምነሽ ተረኛ ነበረች። «ማን ጠፋ ደግሞ?» አለችኝ። «ማንም አልጠፋም፤ ትንሽ ላስተካክለው ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

ያሰብኩት ተንኮል ይኸው፦ መመርመሪያው የሚቆጥረው በአንድ የኮድ ክፍል ውስጥ ያለውን መገንጠያ ነው። ትልቁን ክፍል ብቆራርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ቁጥር ያመጣል። ውስብስቡ አይቀንስም፤ ይበተናል እንጂ። ለተማሪዎቼ «ይህን የሚያደርግ ሰነፍ ነው» ብዬ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያስተማርኩት ዘዴ ነው። «ፈልግ» የሚባለውን ትልቁን ክፍል በፊደል ገበታው ተራ ቆራርጬ «ፈልግ አንድ»፣ «ፈልግ ሁለት» እያልኩ «ፈልግ አሥራ ሦስት» አደረስኩት። አንዱ ሲያቅተው ለሚቀጥለው ያቀብላል። መመርመሪያውን አሠራሁ፤ ትልቁ ቁጥር አሥር። ልክ በድንበሩ ላይ! «ሀብታሙ» ብዬ ፈለግሁ፤ ተገኘ። «ለማ» አልኩ፤ ተገኘ። ቤቴ ሄጄ በአንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዬን ጠግቤ በላሁ።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ትርንጎ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ከጤና ጣቢያው በሁለት ሰዓት ገልብጣ ያመጣችውን ኮድ በፍላሽ ይዛለች። ፈታኟ ዶክተር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። ትርንጎ ጽሑፏን አቀረበች፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። እኔ ጋ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ድምፅ ሳያሰማ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እትዬ አለምነሽ ናት። ጥሪውን ዘጋሁት። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ዘጋሁት።

«እስቲ አሁን አሠሪው» አሉ ዶክተሯ።

ትርንጎ አሠራችው። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ቁጥሩን አወጣ። አሥር።

«ጽሑፍሽ ላይ ያለው መቶ አሥራ ሰባት ነው» አሉ ዶክተሯ። «እዚህ የማየው አሥር ነው። መቶ ሰባቱን የት አደረስሽው ልጄ?»

ትርንጎ እንደገና አሠራችው። አሥር። ኮዱን ከፈተች፤ ዓይኗ ከላይ ወደ ታች ሮጠ። «ይህ… ይህ እኔ የማውቀው አይደለም። አንድ ሰው ነክቶታል። የድሮው ቅጂ አለኝ፤ ይኸው፣ እዚሁ ፍላሽ ላይ።»

«የድሮውን ቅጂ ራስሽ እንዳልጻፍሽው በምን አውቃለሁ?» ዶክተሯ የተናገሩት በቁጣ አይደለም። እሱ ነው የባሰው። «ውጤት እንዲያምርለት ብሎ ቁጥር የሚፈጥር ተማሪ አይቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ጽሑፉ ይወድቃል፤ አንቺም ትወድቂያለሽ።»

ትርንጎ ማውሱን ለቀቀች። ያቺ የማትፈራ ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። ጠርጥራኝ ቢሆን እንዴት በተሻለኝ! ያየችኝ አማካሪዬ ያድነኛል ብላ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር ጭንቀት አይደለም፤ ጭንቀትን አውቀዋለሁ፣ አብሮ አደጌ ነው። ይህ ሌላ ነበር። ተነሣሁ።

«መቶ አሥራ ሰባቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ትናንት ቆራርጬ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ልጅቷ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው።»

አቶ አየነው እጄን ይዞ ወደ ታች ጎተተኝ። «ቁጭ በል እባክህ! ልጅቷን ለማዳን ብለህ ስምህን አታጥፋ። አንተ እንዲህ ያለ ኮድ አትጽፍም።»

«እጽፋለሁ!»

«አትጽፍም! የጥራት አስተማሪ ነህ!»

«አየነው፣ እጽፋለሁ አልኩህ!»

በሕይወቴ ስለ ጥፋቴ እንዲህ ተከራክሬ አላውቅም። የሚያምነኝ ጠፋ። ዶክተሯ ራሳቸው፣ «ለተማሪ ማዘን መልካም ነው፤ ግን ማስረጃ ይፈልጋል» አሉኝ። በዚህ መሐል ስልኬ እንደገና ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ያዘ።

«ያንሡት እንጂ» አሉ ዶክተሯ። «ከጠዋት ጀምሮ ሲጠራዎት ነው የዋለው።»

አነሣሁና ድምፁን ለሰው ሁሉ እንዲሰማ አደረግሁት።

«አንተ ልጅ!» አለች እትዬ አለምነሽ፣ ከኋላዋ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። «ትናንት ምን ነክተህብኝ ነው የሄድከው? ግማሹ አገር ጠፋ! ሀብታሙና ለማ ብቻ ናቸው የሚገኙት። እኔን ራሴን ፈለግሁኝ፤ አለምነሽ የለችም አለኝ! ግቢው በሕመምተኛ ሞልቷል፤ ድረስልኝ!»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። አቶ አየነው እጄን ለቀቀኝ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ቆመ።

«ማስረጃው በቂ ነው» አሉ ዶክተሯ። «የእኛ ነገር ይቆየን። መጀመሪያ ሕመምተኞቹ።»

ምን እንደሆነ የገባኝ ባጃጅ ውስጥ ነው። ስድስተኛው ቁራጭ ለሰባተኛው ማቀበል ነበረበት፤ እኔ በችኮላ ያችን አንዲት መስመር ሳልጽፍ ቀረሁ። ስሙ እስከ ስድስተኛው ድረስ ያልተገኘ ሰው ሁሉ «የለም» ተባለ። የሞከርኳቸው ሀብታሙና ለማ ሁለቱም ከፊደል ገበታው መጀመሪያ ናቸው። ትርንጎ አጠገቤ ተቀምጣ ፍላሿን ጨብጣለች። ወደ ውጭ ታያለች። ልለምናት አፌን ስከፍት ባጃጁ ጉድጓድ ይመታል፤ ምላሴን እነክሳለሁ። ሦስት ጊዜ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ እትዬ አለምነሽ ግቢው መሐል ወንበር ላይ ቆማ፣ ከመደርደሪያው በእጇ ያወጣቻቸውን ካርዶች ይዛ ስም ትጠራለች። «ሙሉጌታ!» ስትል ዘጠኝ ሙሉጌታ ይነሣል። ከግድግዳው ሥር አንዲት ሴት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጇ የተመዘገበው በእሷ ስም ነው፤ ካርዱ ካልተገኘ ሐኪሙ ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት እንደሰጠው አያውቅም። ስሟን ጠየቅኋት፤ «ወርቅነሽ» አለች። ወ። ከጠፉት ወገን።

ትርንጎ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። ፍላሿ ላይ ያለውን የድሮውን ቅጂ፣ ያን መቶ አሥራ ሰባት ያመጣውን አስቀያሚ ኮዴን፣ በእኔ ቁርጥራጭ ቦታ መለሰችው። «ወርቅነሽ» ብላ ጻፈች። ካርዱ ተገኘ። ሴትየዋ ካርዱን ተቀብላ እኔን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ወደ ሐኪሙ ሮጠች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ትርንጎ የተናገረችው። «መምህር፣ መጀመሪያውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ጽሑፌ ላይ "ጸሐፊው ጠይቄው እንደነገረኝ" ብዬ አንድ ምዕራፍ እጨምር ነበር።»

«አፍሬ ነው።»

«መቶ አሥራ ሰባት ስላመጡ?»

«በመስኮት ይወጣል እያልኩ ስለዛትኩ።»

ሳቀች። ከባጃጁ ጀምሮ የያዝኩትን ትንፋሽ ያኔ ለቀቅሁት።

ከሰዓት በኋላ ፈተናው ቀጠለ። ዶክተሯ ግማሹን ጥያቄ ትርንጎን፣ ግማሹን እኔን ጠየቁ፤ እኔ ከእሷ ይልቅ ብዙ ሳትኩ። ትርንጎ ከፍተኛውን ውጤት አገኘች። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የሚገባኝም ነበር። በክረምቱ ከትርንጎ ጋር ተቀምጠን ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፍነው። መፍትሔው የእሷ ነው፦ ስሙ ከመፈለጉ በፊት ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት በአንድ ሰንጠረዥ ወደ አንድ ፊደል ይለወጣሉ፤ ለፊደል ተብሎ የሚሰካ ኢፍ የለ፣ መገንጠያ የለ። መሪጌታ ኃይሉ ሰምተው «ፊደሌን ልታጠፉት ነው!» ብለው መጥተው ነበር። ካርዱ ላይ ብዙኃኑ ኃ እንዳለ እንደሚቆይ አሳየናቸውና ተረጋጉ። መመርመሪያውን አሠራነው፤ ስድስት።

የምረቃው ቀን ካባዬን ለብሼ ቆሜ ሳለሁ፣ ጃኬት ላይ ጋቢ የደረቡ ረዥም ገበሬ በሕዝቡ መሐል እየተጋፉ መጡ። ትርንጎ ከኋላቸው አለች።

«የትርንጎ የኔታ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ አባቴ።»

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ዓይኔን ገለጥ አድርገው ሊያዩ ምንም አልቀራቸው። «እንደው ተሻለዎት?»

«ምኑ?»

«ልጄ በስልክ ነግራኛለች። መምህሬ መቶ አሥራ ሰባት ገብቶባቸው፣ ለሰው ሳይናገሩ ደብቀውት ሲሠቃዩ ከረሙ፤ ጤና ጣቢያ ሄደንም በግድ ነው የተመለሰልን አለችኝ። እኔ እኮ ያን ሰሞን እንቅልፍም አልወሰደኝ። አሁን ስንት ሆነልዎት?»

ትርንጎን አየኋት። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ስድስት ገብቷል፣ አባቴ።»

ክው አሉ። «ስድስት! ኧረ ይሄስ ከልክ በላይ ወረደ! ሰው በስድስት ይቆማል?» ከጋቢያቸው ሥር አንድ ትልቅ የላስቲክ ዕቃ ማር አውጥተው አስታቀፉኝ። «ይህን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ። ደግሞ ጭንቀቱን ይተዉት፤ ይህን በሽታ የሚያባብሰው እሱ ነው።»

ላስረዳቸው አሰብኩ። ፊታቸውን ሳየው ግን ለእሳቸው እውነተኛ በሽተኛ ነበርኩ።

«እሺ አባቴ፣ እተወዋለሁ» አልኳቸው።

መረቁኝና ሄዱ። ስንት ማንኪያ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።